ሦስት «ሃይብሪድ» መኪኖች ቀርበውልኛል፤ ለባሕር ዳር የሚሆነኝ የትኛው ነው?

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ እንዲህ ነው። የሚኖሩት ዓባይ ማዶ፣ ቆጣሪው የጋራ በሆነ የኪራይ ግቢ ውስጥ ነው። ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው መሀል ከተማ ወደሚገኘው ሥራቸው ሲሄዱና ሲመለሱ በቀን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ ቤተሰብ ለመጠየቅ ደብረ ታቦር ይወጣሉ፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ አዲስ አበባ ይደርሳሉ። ደላላ ያቀረበላቸው ሦስት ያገለገሉ መኪኖች ሦስተኛው ትውልድ ቶዮታ ፕሪየስ፣ «ሃይብሪድ» የሚል ምልክት የተለጠፈበት አነስተኛ ሱዙኪ እና በሶኬት የሚሞላ ቢዋይዲ ዲኤም-አይ ናቸው። ሦስቱም ሃይብሪድ፣ ማለትም የቤንዚን ሞተርንና የኤሌክትሪክ ሞተርን ያጣመሩ፣ ከተባሉ ልዩነታቸው የዋጋ ብቻ ነው ወይ፣ ባትሪው ከሞተስ መኪናው አለቀለት ማለት ነው ወይ፣ ክረምት ላይ መንገዱ በጎርፍ ሲሞላስ አያሰጋም ወይ ሲሉ ይጠይቃሉ።

ልዩነታቸው የዋጋ ብቻ አይደለም። ሦስቱ መኪኖች አንድ ዓይነት ምልክት ይለጠፍባቸው እንጂ በአሠራር እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ስለዚህ ምልክቱን ትተው ለሻጩ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡለት። የቤንዚን ሞተሩ ጠፍቶ መኪናው በኤሌክትሪክ ብቻ መንቀሳቀስ ይችላል ወይ? ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል? ባትሪው የሚሞላው ከቤንዚን ሞተሩና ከፍሬን ብቻ ነው ወይስ ከግድግዳ ሶኬትም ጭምር? የእነዚህን መልስ የያዘ ሰው የመኪናውን ዓይነት፣ የነዳጅ ፍጆታውንም ሆነ ወደፊት የሚያስወጣውን ወጪ አስቀድሞ መገመት ይችላል።

ከሱዙኪው ልጀምር፤ ብዙ የሚያነጋግር ነገር የለውም። ይህ «ማይልድ ሃይብሪድ» የሚባለው ነው። በዲናሞው ቦታ ላይ በቺንጋ የሚዞር፣ ከዲናሞ ጠንከር ያለ ማሽን ይገጠምለታል፤ እሱም መኪናው ሲቆም የጠፋውን ሞተር ያለ ድምፅ ያስነሳል፣ ሲነሱ ትንሽ ያግዛል፣ ፍሬን ሲይዙ ደግሞ ጥቂት ኃይል መልሶ ያከማቻል። ባትሪው ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ብዙም የማይርቅ በመሆኑ መኪናው በኤሌክትሪክ ብቻ አንድ ሜትር እንኳ አይሄድም። ቁጠባው የሚመጣው በዋናነት መኪናው ቆሞ ሞተሩ ከሚጠፋበት ጊዜ ነው። አደባባይ በሚበዛባትና መኪናው ቀስ እያለም ቢሆን በሚንቀሳቀስባት ባሕር ዳር ይህ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢያተርፍ ነው። ሱዙኪው እንደ ማንኛውም አነስተኛ መኪና ሲታይ ጥሩ መኪና ነው፤ ቀላል ነው፣ የትኛውም ጋራዥ ይሠራዋል፣ ያቺ ትንሽ ባትሪ ብትደክምም አብዛኛውን ጊዜ መኪናው መሄዱን አያቆምም። «ሃይብሪድ ነው» ተብሎ ከአቻዎቹ በላይ ዋጋ ከተጠራበት ግን አይክፈሉ። በአንዳንድ የጀርመን መኪኖች ላይ የምናየው ባለ 48 ቮልቱ አሠራርም የዚሁ ወገን ነው፤ ጉልበቱ ይበልጥ እንጂ ዓይነቱ አይለይም።

ፕሪየስ ወደ ሌላ ዓለም ያስገባናል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ በብዛት ተመርቶ የተሸጠ የመጀመሪያው ሃይብሪድ አውቶሞቢል ነበር፤ የዚያን ጊዜው መሠረታዊ ሐሳብም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የቤንዚን ሞተሩና ሁለት የኤሌክትሪክ ማሽኖች በአንድ የጥርስ ስብስብ ላይ ይገናኛሉ፤ ኮምፒውተሩ በየቅጽበቱ ከሞተሩ ኃይል ምን ያህሉ በቀጥታ ወደ ጎማ፣ ምን ያህሉ ወደ ጄኔሬተር እንደሚሄድ ይወስናል። በዚህም ምክንያት ፍሪሲዮን የለውም፣ ሞተሪኖ የለውም፣ ዲናሞ የለውም፣ ማርሽ የሚቀይር የተለመደ ካምቢዮም የለውም። በጋራዥ ሕይወታችን ዘወትር የምንፈታቸው ዕቃዎች እዚህ መኪና ላይ ስለሌሉ ረጅም ጊዜ ያለ ጥገና ይሄዳል። የፍሬን ሸራውም ቢሆን የማቆሙን ሥራ በብዛት የኤሌክትሪክ ማሽኑ ስለሚሠራለት ከተራ መኪና ሸራ ብዙ ይቆያል። ከተማ ውስጥ በረጋ አነዳድ በአንድ ሊትር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው የቤንዚን መኪና ከ10 እስከ 12 ቢሄድ ነው። ማደያ ላይ ሰልፍ ለሚያድር ሰው ይህ ልዩነት የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የጊዜም ነው።

በዚሁ «ፉል ሃይብሪድ» በሚባለው ወገን ውስጥ የተለያዩ አሠራሮች እንዳሉ ቢያውቁ ወደፊት ሌላ መኪና ሲቀርብልዎት ይጠቅምዎታል። ኒሳን «ኢ-ፓወር» በሚለው አሠራሩ የቤንዚን ሞተሩን ጄኔሬተር ብቻ ያደርገዋል፤ ጎማውን ሁልጊዜ የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ለከተማ እጅግ ምቹ ነው፤ በረጅም መንገድ በፍጥነት ሲነዳ ግን ኃይሉ መጀመሪያ ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጎማ ስለሚለወጥ በመካከሉ የሚባክን አለ። የሆንዳ ባለ ሁለት ማሽን አሠራር ይህን ለማረም በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ ሞተሩን በቀጥታ ከጎማው ጋር የሚያገናኝ ፍሪሲዮን ጨምሯል። ሃዩንዳይና ኪያ ደግሞ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል አንድ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገብተው የተለመደውን የማርሽ ስሜት ጠብቀዋል፤ ይህ ጥሩ ይነዳል፣ የሚያረጁ ክፍሎቹ ግን ከቶዮታው ይበዛሉ።

የእኛ ከተማ ከፍታም ለኤሌክትሪክ ሞተር ያደላል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ያጣል፤ ደብረ ታቦር ሲደርሱ ደግሞ ከዚያ በላይ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ባሕር ጠለል ላይ ያለው ጉልበት እዚህም አብሮት አለ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው ዳገት ላይ ከባድ መኪና ለመቅደም ሲሞክሩ ፉል ሃይብሪድ ወይም በሶኬት የሚሞላ መኪና ከወረቀቱ የፈረስ ጉልበት ይልቅ የበረታ ሆኖ የሚሰማዎት ለዚህ ነው። ሱዙኪው ላይ ግን ያቺ አነስተኛ ማሽን የጎደለውን ስለማትሞላ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያጓራ ሊወጣ ይችላል።

ያገለገለ ሦስተኛ ትውልድ ፕሪየስ ሲገዙ ዋናው ጉዳይ ምርመራው ነውና ጠንቀቅ ብለው እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ነገር ሞተሩ ነው። ይህ ትውልድ የሚታወቅበት ድካም አለው፤ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ሞተሩ የሚመልሰው መስመር በጥቀርሻ ይደፈናል፣ ከጊዜ በኋላም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ይበላል። ምልክቱ የሚታየው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ነው፤ ጠዋት በመጀመሪያው አነሳስ ለጥቂት ሰከንዶች ክፉኛ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይረጋጋል። ስለዚህ መኪናውን ማየት ያለብዎት በማለዳ፣ ኮፈኑ በእጅ ሲነካ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀዎት ይመለሱና ሌላ ቀን ይምጡ። የራዲያተሩ ውሃ መጉደል አለመጉደሉንም ይዩ፤ ኮፈኑ ሥር ለሞተሩና ለኤሌክትሪክ መቀየሪያው የተለያዩ ሁለት የማቀዝቀዣ ዕቃዎች ስላሉ ሁለቱንም ይመልከቱ።

ሁለተኛው ትልቁ ባትሪ ነው። በውስጡ በተከታታይ የተያያዙ 28 ሞጁሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 7.2 ቮልት በመሆናቸው ድምሩ 201.6 ቮልት ይመጣል። ኮምፒውተሩ እነዚህን በጥንድ በጥንድ እንደ 14 ክፍል ያነብባቸዋል። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ያለው ባለሙያ ይዘው ወደ ቤዛዊት የሚያወጣውን ዓይነት ዳገት በነዳጅ ፔዳሉ አጥብቀው ይውጡ፣ ከዚያም ፍሬን እየያዙ ይውረዱ፤ ስካነሩ ላይ 14ቱ ቁጥሮች ተቀራርበው ሊወጡና ሊወርዱ ይገባል። አንዱ ክፍል ዳገቱ ላይ ከሌሎቹ ለብቻው ከወረደ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ለብቻው ፈጥኖ ከወጣ ያ ክፍል ደክሟል። ስካነር ባይኖር እንኳ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከሙሉ ወደ ባዶ፣ ከባዶ ወደ ሙሉ የሚዘል ከሆነ ያው ነገር ነው። አንዳንድ ጋራዦች የደከመውን ሞጁል ብቻ አውጥተው ሌላ ያገለገለ ይተካሉ፤ መኪናው ይነሳል፣ መብራቱም ይጠፋል፣ ነገር ግን ቀሪዎቹ 27ቱ በዕድሜ እኩያ ስለሆኑ ጥቂት ወራት ቆይቶ ሌላው ይከተላል። ዋጋ ሲደራደሩ ሙሉ ባትሪ የሚቀየርበትን ሒሳብ ይያዙ እንጂ የአንድ ሞጁሉን አይያዙ።

ባትሪውን ያለ ዕድሜው የሚገድለው ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። በኋላ መቀመጫው ጎን፣ በፕላስቲክ የተሸፈነች ትንሽ የአየር መግቢያ አለች፤ ባትሪው የሚቀዘቅዘው በእሷ በኩል ከመኪናው ውስጥ በሚሳብ አየር ነው። ክዳኗ ሲነሳ ማራገቢያው ላይ የኮረኮንች መንገድ አቧራ ከልብስ ክርና ከፀጉር ጋር ተጋግሮ ግራጫ የሱፍ ጨርቅ መስሎ ይገኛል። በዚያ ላይ ጋቢ ወይም የዕቃ ከረጢት ይደገፍባታል። በዓመት አንድ ጊዜ ማራገቢያውን አስከፍቶ ማስጠረግ እጅግ ርካሽ ከሚባሉት ጥገናዎች አንዱ ሲሆን የባትሪውን ዕድሜ በእጅጉ ይጨምራል።

«ባትሪው ከሞተ መኪናው አለቀለት ወይ» ላሉት፣ ፕሪየስ ሞተሪኖ ስለሌለውና ሞተሩ የሚነሳው በትልቁ ባትሪ ስለሆነ፣ ትልቁ ባትሪ ሲሞት መኪናው መቆሙ አይቀርም፤ ተቀይሮለት ግን እንደገና ይሄዳል። ይሁንና ከመደንገጥዎ በፊት የኋላ እቃ መጫኛው ውስጥ ያለችውን ተራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ያስመርምሩ። ኮምፒውተሮቹን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት፤ መኪናው ሳምንታት ቆሞ እሷ ስትወርድ ዳሽቦርዱ አምፖል በአምፖል ይሆናል፣ ባለቤቱም ትልቁ ባትሪ የሞተ መስሎት ለማይገባ ወጪ ይዘጋጃል።

አሁን ወደ ቢዋይዲው። በሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ ባትሪው ትልቅ ነው፤ የፕሪየሱ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን፣ ለምሳሌ ቺን ፕላስ የተባለው የቢዋይዲ ዲኤም-አይ መኪና ባለ 8.3 እና ባለ 18.3 ኪሎዋት ሰዓት ሆኖ ወጥቷል። የሚሸጥልዎት ከሁለቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በስም አንድ ሆነው በአገልግሎት እጥፍ ይለያያሉ። አሠራሩም ከተማ ውስጥ እንደ ኢ-ፓወር በኤሌክትሪክ፣ በፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ ሞተሩ በቀጥታ ከጎማ ጋር ተገናኝቶ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲያልቅ መኪናው አይቆምም፤ እንደ ፉል ሃይብሪድ ቤንዚን እየተጠቀመ ይቀጥላል። ሊ አውቶ በመሳሰሉት ላይ የሚገኘው «ሬንጅ ኤክስቴንደር» የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እዚያ ባትሪው ይበልጥ ይተልቃል፣ የቤንዚን ሞተሩም ጄኔሬተር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የእርስዎን የቀን ጉዞ እናስላው። በከተማ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ 25 ኪሎ ሜትሩ 4 ወይም 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። አብሮ የሚሰጠው የቤት ቻርጀር በተራ ሶኬት 2 ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ ይህን በሁለት ሰዓት ተኩል ይተካዋል። ማታ መብራት ጠፍቶ ቢያመሽ እንኳ ከሌሊቱ አንዱ ክፍል ይበቃዋል ማለት ነው፤ ከነአካቴው ባይመጣ ደግሞ ቤንዚኑ አለ። ይህ ነው በሶኬት የሚሞላውን ሃይብሪድ ከሙሉ ኤሌክትሪክ መኪና ለእርስዎ ዓይነት ሰው የተሻለ የሚያደርገው።

ይሁን እንጂ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በዚያ ሶኬት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከዚህ ቻርጀር በላይ ኃይል ይስባል፤ ልዩነቱ ምጣዱ የሚሠራው ለአጭር ጊዜ ሲሆን ቻርጀሩ ሳያቋርጥ ለሰዓታት መሳቡ ነው። በቀጭን ሽቦ የተሳበ የድሮ ሶኬት ይህን ሲሸከም ይግላል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር በወፍራም ሽቦ ይሳቡ፣ የራሱ ማቋረጫና በትክክል የተቀበረ የመሬት መስመር ይኑረው፤ ምጣዱ በሚጣድበት ሰዓትም አይሰኩ። ቆጣሪው የጋራ በመሆኑ ከአከራይዎና ከጎረቤቶችዎ ጋር ሒሳቡን የሚለይ ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት ያልቅ። አከራዩ እሺ ካላሉ ቢዋይዲውን አይግዙ፤ ያልተሞላ ትልቅ ባትሪ ተሸክሞ የሚዞር መኪና ከፕሪየስ በላይ ከብዶ፣ በላቀ ዋጋ፣ የፕሪየስን ሥራ ብቻ ይሠራል። አከራዩ ከፈቀዱ ግን ምርጫዬ ያለ ማመንታት ቢዋይዲው ነው፤ የከተማውን ጉዞዎን ከሞላ ጎደል ያለ ቤንዚን ይሸፍንልዎታልና። ሲመረምሩትም ሙሉ በሙሉ ሞልቶ እንዲጠብቅዎት ያድርጉና በኤሌክትሪክ ብቻ እስከ ዘንዘልማ ወይም ከዚያ ወዲያ ነድተው ምን ያህል መቶኛ እንደወረደ ይመዝግቡ። ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ የመሙያ ሶኬቱ ከአውሮፓው ቅርጽ ስለሚለይ ገመዱ ከመኪናው ጋር መኖሩን፣ መሥራቱንም በዓይንዎ ይዩ። ለሳምንታት ቤንዚን ሳይነካ ቢሄድም ታንኩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ለወራት ሲቆይ ጥራቱን ያጣል፤ የደብረ ታቦሩ ጉዞ ይህን ችግር በራሱ ይፈታልዎታል።

የአዲስ አበባውን መንገድ በተመለከተ ዓባይ በረሃን ላንሣ፤ የባትሪ መጠን ትርጉም እንደዚያ ግልጽ የሚሆንበት ቦታ የለም። ከደጀን እስከ ወንዙ ድልድይ ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት አለ። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚህ የተወሰነው በአየርና በጎማ ቢባክንም፣ ከ1.3 ኪሎዋት ሰዓቱ ግማሽ እንኳ ለማይጠቀመው የፕሪየስ ባትሪ በጣም ብዙ ነው፤ ገና ከላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደወረዱ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ኤሌክትሪኩ ፍሬን መሆኑን ይተዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሲጀምር መሪው አጠገብ ባለው ማርሽ «ቢ» የሚለውን ያስገቡ፤ የቤንዚን ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፣ ሸራውም አይግልም። ቢዋይዲው ላይ ደግሞ ደጀን ሲደርሱ ባትሪው ጎደል ያለ ከሆነ የቁልቁለቱን ኃይል አብዛኛውን ይሰበስበዋል፤ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣው ረጅም ዳገት ላይም ያ ኃይል ይመለስልዎታል። ዳገቱ መሀል ላይ ባትሪው ባዶ መሆኑ ግን ትንሿን ሞተር ብቻዋን ስለሚያስጨንቃት፣ ባትሪውን ለኋላ የሚያስቀምጠውን ምርጫ ከደጀን በፊት ሳይሆን ድልድዩ ላይ ያብሩት።

ስለ ጎርፉ የጠየቁት ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄድባቸው ገመዶች ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውና የታሸጉ ናቸው፤ ኮምፒውተሩም የኤሌክትሪክ መፍሰስ ሲሰማው መስመሩን ራሱ ይቆርጣል። ዝናብም ሆነ መኪና እጥበት አያሰጋም፤ ኮፈኑን ከፍቶ በግፊት ውሃ መርጨት ግን አይፈቀድ። በጎርፍ ውስጥ መኪናው ከተራ መኪና የበለጠም ያነሰም አይሻገርም። ውሃው ወደ ተሳፋሪው ወለል ከገባ ባትሪው ከኋላ መቀመጫው ሥር ወይም ከጀርባው፣ በቢዋይዲው ደግሞ ከወለሉ በታች ስለሆነ፣ ለማስነሳት አይሞክሩ፣ ብርቱካናማ ገመድም አይንኩ፤ አስጎትተው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ ያድርሱት። በዚህ ምክንያት ሦስቱንም መኪኖች ሲያዩ የወለሉን ምንጣፍ ከጥጉ ገልጠው ሥሩን በእጅዎ ይዳስሱ፤ የደረቀ ጭቃ ወይም የዛገ የወንበር ብሎን ካገኙ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይውሰዱት።